አድማሱ ሲጠፋ፦ በመሣሪያ መብረርና አቋሙ የተዛባ አውሮፕላንን ማቃናት

ክረምት ላይ ጣርማ በርን በመኪና ያለፈ ሰው ጉም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ከደብረ ብርሃን በብሩህ ሰማይ የተነሳ ሹፌር ዋሻው አካባቢ ሲደርስ ከቆላው ሽቅብ የሚወጣው ጉም ይውጠዋል። መብራት ያበራል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ የመንገዱን ጠርዝ እያየ ያዘግማል፤ ካቃተውም ጥግ ይዞ ይቆማል። አውሮፕላን መቆም አይችልም። የባሰው ግን ሌላ ነው። ሹፌሩ ምንም ባይታየው እንኳ መሬቱ ከጎማው ሥር እንዳለ ያውቃል። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪ ግን ጥቂት ቆይቶ ታች የቱ ጋ እንደሆነ ከሰውነቱ ሊረዳ አይችልም። ሰውነቱ ዝም ቢል በተሻለ ነበር፤ ዝም አይልም፣ ይዋሻል።

አውሮፕላን ከአድማስ አንጻር አፍንጫው ወዴት እንደሚያመለክትና ክንፎቹ ምን ያህል እንዳጋደሉ ሲታይ አቋሙ እንለዋለን። አብራሪው ሳያስበው አፍንጫው ካንጋጠጠ ወይም ካዘቀዘቀ፣ ክንፉም ከልክ በላይ ካጋደለ አቋሙ ተዛብቷል። ማቃኛው ሦስት አራት እንቅስቃሴ ብቻ ነው፤ በቃል ለመያዝ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከባዱ ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅና ሰውነት ‹‹እንዲህ አይደለም!›› እያለ ሲሞግት መሣሪያውን ማመን ነው። የሰሜን ሸዋ ደጋ በዚህ ላይ የራሱን ጣጣ ይጨምራል፤ በኋላ እንደርስበታለን።

ጆሮ ለምን ይዋሻል

በውስጠኛው ጆሮ ሚዛን የሚጠብቁ ሁለት ዓይነት አካላት አሉ። አንደኞቹ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በተለያየ አቅጣጫ ስለተቀመጡ የትኛውንም ዓይነት መዞር ይለያሉ። ሌሎቹ ጥቃቅን የካልሲየም ጠጠሮች የተሸከሙ ከረጢቶች ሲሆኑ ማዘንበልን፣ ወደ ፊት መገፋትንና ወደ ኋላ መጎተትን ይለካሉ።

የቱቦዎቹን አሠራር ለመረዳት ጠጅ የያዘ ብርሌ ይበቃል። ብርሌውን አንገቱን ይዘው ባለበት ቢያዞሩት ብርጭቆው ይዞራል እንጂ ጠጁ መጀመሪያ ላይ አይከተለውም፤ ላዩ ላይ የተንሳፈፈች የሰም ቅንጣት ካለች በግልጽ ታሳያለች። ማዞሩን ሲቀጥሉ ጠጁ ቀስ በቀስ ከብርጭቆው ጋር እኩል መዞር ይጀምራል። ድንገት ሲያቆሙት ደግሞ ብርሌው ይቆማል፣ ጠጁ ግን መዞሩን አይተውም። በጆሮ ውስጥም ይኸው ነው የሚሆነው። መዞር ሲጀመር ፈሳሹ ወደ ኋላ ስለሚቀር ውስጥ ያሉትን ፀጉር መሰል ነርቮች ያጎብጣቸዋል፤ አንጎልም ‹‹እየዞርን ነው›› ይላል። መዞሩ ሳይቋረጥ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ከቆየ ፈሳሹ ስለሚደርስበት ፀጉሮቹ ይቃናሉ፣ አንጎልም ‹‹ቀጥ ብለናል›› ብሎ ይደመድማል። አውሮፕላኑ ግን አሁንም እየዞረ ነው። አብራሪው በዚህ ጊዜ ክንፉን ቢያቃና፣ ፈሳሹ በነበረበት ስለሚቀጥል ወደ ተቃራኒው ጎን መዞር የጀመረ ይመስለዋል።

ሌላም ክፍተት አለ። በሰከንድ ከ2 ዲግሪ ባነሰ ፍጥነት የሚያጋድል አውሮፕላን ጆሮውን ጨርሶ ሊቀሰቅሰው አይችልም። አብራሪው ካርታ ወይም ሬዲዮ እያየ አንድ ክንፍ ቀስ ብሎ 20 ዲግሪ ቢወርድ አይታወቀውም። ድንገት አይቶ ቶሎ ሲያቃናው ግን ጆሮው ያን ፈጣን እንቅስቃሴ ብቻ ይመዘግብና በሌላኛው ጎን ያጋደለ ይመስለዋል። አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ እየበረረ ሰውየው ወንበሩ ላይ ወደ ጎን ተጣሞ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ማንም ሰው ይህን ቢሮ ውስጥ በሚሽከረከር ወንበር ሊሞክረው ይችላል። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ የሚዞርበትን አቅጣጫ በአውራ ጣቱ እያመለከተ ይቀመጥ፤ ሌላ ሰው ወንበሩን ቀስ ብሎና አንድ ዓይነት ፍጥነት ጠብቆ ያዙረው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ጣቱ ‹‹ቆመናል›› ማለት ይጀምራል። ወንበሩ ሲቆም ደግሞ ወደ ተቃራኒው ያመለክታል። አንገቱን ደፍቶ የነበረ ሰው በዚያው ቅጽበት ቀና ቢል ደግሞ የሚገለበጥ ስለሚመስለው አጠገቡ የሚይዘው ሰው ቢኖር ጥሩ ነው። በአየር ላይ የወደቀ እርሳስ ለማንሳት ጎንበስ የሚል አብራሪ የሚገጥመው ይኸው ስሜት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ሙከራ በመሣሪያ መብረር፣ ማለትም ውጭውን ሳያዩ በመለኪያዎች ብቻ እየተመሩ ማብረር፣ ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎች አድማሱ ተከልሎባቸው እንዲያበሩ ተደረገ። ሃያዎቹም መቆጣጠር አቃታቸው፤ 19ኙ እየተሽከረከረ በሚወርድ ዙር ውስጥ ሲገቡ አንደኛው አፍንጫውን አንጋጦ ፍጥነቱን ጨረሰ። ፈጥኖ የተሸነፈው 20 ሰከንድ፣ ረጅም የቆየው 480 ሰከንድ ነበር፤ አማካዩ 178 ሰከንድ ሆነ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም።

እየጠበበ የሚሄደው ዙር

ከሃያው አሥራ ዘጠኙ አንድ ዓይነት አወዳደቅ መውደቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላን ሲያጋድል ክንፎቹ የሚፈጥሩት የማንሳት ኃይልም አብሮ ያጋድላል፤ ከፊሉ ሽቅብ ማንሳቱን ትቶ ወደ ጎን ይጎትታል። ሽቅብ የሚያነሳው ስለሚያንስ አፍንጫው ራሱ ያዘቀዝቃል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። አብራሪው መዞሩ አይሰማውም፤ በተስተካከለ ዙር ውስጥ ክብደቱ ቀጥታ ወደ ወንበሩ ስለሚጫን ወገቡም ቀጥ ያለ ይመስለዋል። የሚያየው ከፍታ እየቀነሰ መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመስለውን ያደርጋል፤ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል።

ጥፋቱ ይህ ነው። ክንፉ አጋድሎ ሳለ መሳብ አውሮፕላኑን ሽቅብ አያነሳውም፣ ዙሩን ያጠበዋል። ዙሩ ሲጠብ ጭነቱ ይጨምራል፣ አፍንጫው ይበልጥ ይወርዳል፣ አብራሪውም ይበልጥ ይስባል። ከፍታ ጠብቆ በ45 ዲግሪ ማጋደል ክንፉ የአውሮፕላኑን ክብደት 1.4 እጥፍ፣ በ60 ዲግሪ 2 እጥፍ ይሸከማል። በ60 ዲግሪ ላይ ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበት ፍጥነት፣ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት፣ በ41 በመቶ ያድጋል። ሴስና 172ኤስ የተባለው ትንሽ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ሲበር ፍላፕ (የማንሳት ኃይል ለመጨመር ከክንፍ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ሳይወርድ 48 ኖት ላይ ስቶል ያደርጋል፤ በ60 ዲግሪ ማጋደል ግን 68 ኖት አካባቢ። አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።

መሣሪያዎቹና የየራሳቸው አመል

አሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ዱሊትል እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1929 ኒውዮርክ አቅራቢያ መቀመጫው በሽፋን ተጋርዶ ተነስቶ፣ ዞሮና ተመልሶ ሲያርፍ ዋናው አጋዡ በጋይሮ፣ በፍጥነት እየተሽከረከረ አቅጣጫውን በሚጠብቅ ጎማ፣ የሚሠራው ሰው ሠራሽ አድማስ ነበር። ዛሬም የመሣሪያ በረራ መሃል እርሱ ነው፤ ሰማያዊው ሰማይ፣ ቡናማው መሬት፣ መሃል ላይ ትንሿ የአውሮፕላን ምልክት። በዙሪያው ፍጥነት መለኪያ፣ ከፍታ መለኪያ፣ የመዞር መጠን ጠቋሚ፣ የአቅጣጫ ጋይሮና የመውጣት መውረድ መለኪያ ይደረደራሉ።

እነዚህን እንደ ስድስት የተለያዩ ምስክሮች ማየት ስህተት ነው፤ ምንጫቸው ሦስት ብቻ ነው። ፍጥነት፣ ከፍታና መውጣት መውረድ የሚለኩት በአየር ግፊት ሲሆን፣ ፍጥነት መለኪያው በተጨማሪ ክንፍ ሥር ባለች ፒቶ በምትባል ቱቦ ላይ ይመካል። አድማሱና የአቅጣጫ ጋይሮው በብዙ የቆዩ ማሠልጠኛዎች ላይ ሞተሩ በሚያዞረው፣ አየር በሚስብ የቫኪዩም ፓምፕ ይሠራሉ። የመዞር መጠን ጠቋሚው በኤሌክትሪክ ነው። ይህ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ አንዱ ምንጭ ሲነጥፍ ሌላው እንዲመሰክር።

ፒቶዋ ፊቷና የውሃ መውጫዋ በበረዶ ከተደፈነ ፍጥነት መለኪያው እንደ ከፍታ መለኪያ መሥራት ይጀምራል፤ ሲወጡ ፍጥነት የጨመረ ያስመስላል፣ ሲወርዱ ደግሞ የቀነሰ። አብራሪው ይህን አምኖ አፍንጫውን ሽቅብ ካደረገ ወደ ስቶል ይሄዳል። ስለዚህ የፒቶ ማሞቂያ ደመና ከመግባት በፊት ይከፈታል እንጂ በረዶ ከታየ በኋላ አይደለም። የቫኪዩም ፓምፕ ሲሰበር ያለው አደጋ ደግሞ ድምፅ የሌለው ነው። ጋይሮው ወዲያው አይቆምም፤ ፍጥነቱ እየቀነሰ አድማሱ ቀስ ብሎ ያዘማል፣ አብራሪውም ‹‹ለማቃናት›› ጤነኛውን አውሮፕላን ያጋድላል። የፓምፑን የመሳብ ኃይል የሚያሳየው የሳክሽን መለኪያ ከ4.5 ኢንች ሜርኩሪ በታች መውረዱን ማየት ወይም የመዞር መጠን ጠቋሚው ከአድማሱ ጋር አለመስማማቱን ማስተዋል ብቻ ነው የሚያድነው።

ዓይን አድማሱ ላይ ይነሳል፣ ወደ አንዱ መሣሪያ ይሄዳል፣ ወደ አድማሱ ይመለሳል፣ ወደ ሌላው ይሄዳል። ሠልጣኞች የሚሳሳቱት በአብዛኛው አንዱ ላይ በማፍጠጥ ነው። ከፍታው 100 ጫማ ሲጎድል መርፌዋ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ሲያስተካክሉ አቅጣጫው 30 ዲግሪ ሄዷል።

ሥልጠናው

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በምህጻሩ ኢካኦ፣ ለመሣሪያ በረራ ፈቃድ ቢያንስ 40 ሰዓት የመሣሪያ ጊዜ ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 20 ሰዓት በምድር ማሠልጠኛ፣ በበረራ ሲሙሌተር ከሆነም እስከ 30 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ በዋና አብራሪነት 50 ሰዓት የረጅም ርቀት በረራ ያስፈልጋል። በአየር ላይ ሠልጣኙ ግንባሩ ላይ መጋረጃ ያስራል፤ መሣሪያውን ያያል፣ መስኮቱን አያይም። ውጭውን የሚጠብቀው አጠገቡ ያለው አሠልጣኝ ነው።

የተዛባ አቋም ልምምድ ሲደረግ አሠልጣኙ መጀመሪያ ዙሪያውን ሌላ አውሮፕላን እንደሌለ ያጣራል፣ ከበታቹም በቂ ከፍታ መኖሩን ያረጋግጣል፤ 3 ሺህ ጫማ ያህል ንጹሕ አየር ቢኖር ይመረጣል። ከዚያ ‹‹ዓይንህን ጨፍን፣ አንገትህን ድፋ›› ይላል። አውሮፕላኑን ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት ያጋድለዋል፣ ትንሽ ያዞረዋል፣ ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። የሠልጣኙ ጆሮ በደንብ ሲምታታ አፍንጫውን አንጋጦ ወይም አዘቅዝቆ ‹‹ያንተ ነው!›› ይለዋል። ብልጥ አሠልጣኝ አልፎ አልፎ አውሮፕላኑን ቀጥ አድርጎ ያስረክባል። ምንም ማድረግ የማያስፈልገውን አውሮፕላን ለማቃናት የሚጣደፍ ሠልጣኝ መሣሪያውን ሳያነብ እጁን እንዳንቀሳቀሰ ያኔ ይታወቃል።

ሲያዘቀዝቅና ሲያንጋጥጥ

ዓይን ሲገለጥ መጀመሪያ የሚነበበው ፍጥነት መለኪያው ነው፤ የቆመበት ቁጥር ብቻ ሳይሆን መርፌው ወዴት እየሄደ እንደሆነ። ፍጥነት እየጨመረ ከፍታ እየቀነሰ ከሆነ አፍንጫው አዘቅዝቋል። ፍጥነት እየቀነሰ ከፍታ እየጨመረ ከሆነ አንጋጧል። አድማሱ የሚታየው ቀጥሎ፣ የማጋደሉን አቅጣጫ ለማወቅ ነው። አድማሱን አስቀድሞ ማመን የማይመከረው ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ የእርሱ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ነው። በቆዩ የቫኪዩም አድማሶች ደግሞ ማጋደሉ ከ100 ዲግሪ፣ ማንጋጠጡ ወይም ማዘቅዘቁ ከ60 ዲግሪ ካለፈ ጋይሮው ሊገለበጥና ለደቂቃዎች ከንቱ ሊያሳይ ይችላል። አውቶፓይለት ተከፍቶ ከነበረም ከምንም በፊት ይጠፋል።

አፍንጫው ካዘቀዘቀ፦ ስሮትሉ፣ የሞተሩ ኃይል መቆጣጠሪያ፣ ይዘጋል፣ ክንፎቹ ይቃናሉ፣ ከዚያ አፍንጫው በለስላሳ እጅ ወደ አድማስ ይመለሳል። ስሮትሉ የሚቀድመው ፍጥነቱ በየሰከንዱ ወደ ቀዩ መስመር፣ ፈጽሞ ሊታለፍ ወደማይገባው ፍጥነት፣ ስለሚጠጋ ነው፤ በ172ኤስ ላይ ቀዩ መስመር 163 ኖት ሲሆን ከ129 ኖት ጀምሮ ያለው ቢጫ ክልል አየሩ ለረጋበት ጊዜ ብቻ የተፈቀደ ነው። ክንፍ ሳይቃና መሳብ ዙሩን እንደሚያጠብ ከላይ አይተናል። ሌላም አለ፤ እያቃኑ መሳብ አንደኛው ክንፍ ከሌላው አብልጦ እንዲሸከም ያደርገዋል። አውሮፕላኑ የተሠራበት የጭነት ወሰን 3.8 እጥፍ ሁለቱም ክንፎች እኩል ሲሸከሙ የሚለካ ነው፤ እየተጠመዘዘ ያለ ክንፍ ያን ያህል አይችልም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። አውሮፕላኑ ትሪም የተደረገው፣ ማለትም መሪው ሳይያዝ ፍጥነቱን እንዲጠብቅ የተስተካከለው፣ ለ100 ኖት ነበር እንበል፤ አሁን በ140 እየወረደ ነው። ክንፉ ሲቃና አውሮፕላኑ ወደ ለመደው ፍጥነት ለመመለስ አፍንጫውን ራሱ በኃይል ያነሳል። በዚያ ላይ አብራሪው ከሳበ ጭነቱ ይደራረባል። ስለዚህ ክንፍ በሚቃናበት ቅጽበት መሪውን መሳብ ቀርቶ ትንሽ ወደ ፊት መያዝ ሊያስፈልግ ይችላል።

አፍንጫው ካንጋጠጠ፦ ስሮትሉ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ መሪው ወደ ፊት ይገፋል፣ ክንፎቹ ይቃናሉ፤ ሦስቱ ተከታትለው፣ አንድ ላይ ለማለት በሚያስችል ፍጥነት። እዚህ መግፋቱ ከማቃናቱ የሚቀድመው ጠላቱ ስቶል ስለሆነ ነው። ለስቶል የተቃረበ ክንፍን በመሪ ብቻ ለማቃናት መሞከር ዝቅ ያለውን ክንፍ ጭራሽ ሊያስወድቀው፣ አውሮፕላኑንም ወደ ስፒን፣ ስቶል ውስጥ ሆኖ እየተሽከረከረ ወደ መውደቅ፣ ሊከተው ይችላል። በፕሮፔለር አውሮፕላን ፍጥነት ዝቅ ብሎ ሳለ ሙሉ ኃይል ሲሰጥ አፍንጫው ወደ ግራ ስለሚሸሽ ቀኝ ፔዳል መርገጥ ያስፈልጋል። የመዞር መጠን ጠቋሚው ሥር ያለችው ኳስ መሃል መሆኗን ማየት ነው።

መግፋቱ ላይ ሠልጣኞች ይሸሻሉ። መሪው ሲገፋ ሰውነት ይቀላል፣ ቀበቶው ትከሻን ይይዛል፣ መሬት ላይ የወደቀ እርሳስ ይንሳፈፋል፤ ጆሮ ውስጥ ያሉት ጠጠሮችም ወደ ኋላ የመገልበጥ ስሜት ይፈጥራሉ። እጅ ሳይታዘዝ መልሶ ይስባል። አሠልጣኞች ይህን ልምምድ ደጋግመው የሚያሠሩት ለእጅ ብልሃት ሳይሆን ይህን ስሜት ለማላመድ ነው።

መቼ ይበቃል? ፍጥነት መለኪያው ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ቆይቶ ሲቆም፣ ከፍታ መለኪያውም መውረዱን ወይም መውጣቱን ሲያቆም አፍንጫው በአድማስ መስመር ላይ እያለፈ ነው። መግፋቱ ወይም መሳቡ የሚቆመው እዚያ ነው። የመውጣት መውረድ መለኪያው ዜሮ እስኪል የጠበቀ ሰው ግን ከ6 እስከ 9 ሰከንድ ስለሚዘገይበት አልፎት ሄዶ በተቃራኒው አቋም ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

አድማሱ ከሞተ ሥራው አይለወጥም፣ ምስክሮቹ ይቀንሳሉ እንጂ። የመዞር መጠን ጠቋሚው ላይ ያለችው ትንሽ አውሮፕላን ክንፏ ሲቃና መዞሩ ቆሟል፤ ያኔ ክንፉ ቀጥ ብሏል ብሎ መውሰድ ይቻላል። አፍንጫውን ደግሞ ፍጥነትና ከፍታ ይናገራሉ። ያቺ መሣሪያ የምታሳየው የመዞርን ፍጥነት እንጂ የማጋደልን ዲግሪ አይደለም፤ ይህን የሚረሱ ሰዎች ከመጠን በላይ ያቃናሉ።

ትልልቆቹ ጄቶች

በአየር መንገድ አውሮፕላኖች ላይ ልኩ በቁጥር ተቀምጧል። ከ25 ዲግሪ በላይ ማንጋጠጥ፣ ከ10 ዲግሪ በላይ ማዘቅዘቅ፣ ከ45 ዲግሪ በላይ ማጋደል፣ ወይም ከዚህ ወሰን ውስጥ ሆኖ ለሁኔታው የማይመጥን ፍጥነት። ማቃኛው ተመሳሳይ ቢሆንም አንድ ልዩነት አለ፤ ሞተሮቹ ከክንፍ ሥር ሲሆኑ ኃይል መጨመር አፍንጫውን ይበልጥ ያነሳል። ስለዚህ ባንጋጠጠ ጄት ላይ መግፋት ብቻውን ካልበቃ ኃይል ይቀነሳል፤ አስፈላጊ ከሆነም በጥንቃቄ በማጋደል አፍንጫው እንዲወርድ ይደረጋል።

እ.ኤ.አ. በጁን 1 ቀን 2009 በኤር ፍራንስ በረራ 447 የ228 ሰዎች ሕይወት ሲያልፍ መነሻው ፒቶዎች በበረዶ ቅንጣት ለአጭር ጊዜ መደፈናቸው ነበር። አውቶፓይለቱ ተቋረጠ፣ አፍንጫው ሽቅብ ተያዘ፣ አውሮፕላኑ ስቶል ውስጥ ገብቶ እስከ ውቅያኖሱ አፍንጫው እንዳንጋጠጠ ወረደ። የፍጥነት ቁጥሮቹ የተሳሳቱት ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ነው። ኢካኦ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የተዛባ አቋምን መከላከልና ማቃናት የአብራሪዎች ሥልጠና አካል እንዲሆን አድርጓል። ሲሙሌተር ለዚህ ይረዳል፣ ግን ክፈፍ ላይ የቆመ ክፍል ስለሆነ እውነተኛውን የጭነት መክበድና መቅለል ለረጅም ጊዜ መስጠት አይችልም። ቅደም ተከተሉ እዚያ ይለመዳል፤ ስሜቱ በትንሽ አውሮፕላን አየር ላይ ነው የሚለመደው።

ሰሜን ሸዋ ላይ

ከቦሌ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ አቅጣጫ የሚያቀና አውሮፕላን ይህን ምድር ያቋርጣል። ጄት በ20 ሺህ ጫማ ሲያልፍ ምንም አይመስለውም። ትንሽ አውሮፕላን ላለው ግን እስካሁን ያነበብነው ሁሉ እዚህ ይከብዳል።

ከፍታ መለኪያ የሚያሳየው ከባሕር ወለል ያለውን ነው። ደብረ ብርሃን ራሷ 9,200 ጫማ ገደማ ላይ ናት፤ የመንዝ ደጋ ብዙው ከ3,000 ሜትር፣ ማለትም ከ9,800 ጫማ በላይ ነው። መንዝ ላይ 12,000 ጫማ የሚያሳይ አብራሪ ከበታቹ ያለው 2,000 ጫማ ቢሆን ነው። እየጠበበ የሚሄደው ዙር በደቂቃ 3,000 ጫማ ቢያወርደው፣ ሊበልጥም ይችላል፣ 40 ሰከንድ አለው። ኢሊኖይ ላይ የተለካው 178 ሰከንድ ቁጥጥር እስኪጠፋ ያለው ጊዜ ነበር፤ ይኸኛው ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ኢካኦ ለመሣሪያ በረራ በተራራማ ቦታ በ8 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ካለው ከፍተኛ እንቅፋት 2,000 ጫማ በላይ መሆንን ያዛል። የዞኑ ጣራ አቡዬ ሜዳ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ማለትም 13,100 ጫማ። ሁለት ሺህ ሲጨመርበት 15,100 ይሆናል። የ172ኤስ የከፍታ ጣራ ግን 14,000 ጫማ ነው። ስለዚህ ይህ አውሮፕላን አቡዬ ሜዳን ደመና ውስጥ ሆኖ በሕጉ መሠረት ሊያልፍ አይችልም፤ መዞር አለበት። በስሌት ወረቀት ላይ ይህን ያላየ ሰው በአየር ላይ ያየዋል።

ሙሉ ኃይል ሲባልም እዚህ ሙሉ አይደለም። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየሺህ ጫማው 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 180 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 12,000 ጫማ ላይ ከ120 ብዙም አይበልጥም። ሲሶው ሄዷል ማለት ነው። አፍንጫው አንጋጦ ፍጥነት ሲያልቅ ስሮትሉ የሚያመጣው እርዳታ ደካማ ስለሆነ መግፋቱ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል፣ የሚጠፋው ከፍታም ይጨምራል። አንጎልም ያው ነው፤ በኢካኦ ደንብ ከ10,000 ጫማ በላይ ከ30 ደቂቃ ካለፈ፣ ከ13,000 በላይ ደግሞ ሁልጊዜ አብራሪው ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ኦክስጅን ሲያንስ መጀመሪያ የሚደክመው ፍርድና የማታ እይታ ነው፣ ሰውየው ግን ደህና ነኝ ባይ ነው።

ከጣርማ በር ጫፍ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ እስከ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ድረስ በቀጥታ መስመር 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጉሙ በዚያ ተዳፋት ላይ ሲተኛ ላዩ ሰያፍ ነው፤ ከላይ የሚያየው አብራሪ የደመናውን ጠርዝ አድማስ አድርጎ ክንፉን ከእርሱ ጋር ያስተካክላል፣ አጋድሎ ይበራል። ማታ ደግሞ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ የሚወጡ የጭነት መኪኖች መብራት ያንኑ ሰያፍ መስመር ይሠራል። ነፋስ ጠርዙን ተሻግሮ ሲወርድ በወዲያኛው በኩል የሚወርድና የሚንከባለል አየር ስለሚኖር መርፌዎቹ ያለ አብራሪው ጥፋት ሊዋልሉ ይችላሉ።

በእይታ ለሚበር ሰው ኢካኦ ከ10,000 ጫማ በላይ የሚጠይቀው የእይታ ርቀት 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በታች 5 ይበቃ ነበር። ከደመና 1,500 ሜትር ወደ ጎን፣ 1,000 ጫማ ወደ ላይና ወደ ታች መራቅም አለበት። ደጋው ላይ ጥቂት ከፍ እንዳሉ ስምንቱ ይመለከትዎታል ማለት ነው።

ሳያስቡት ጉም ውስጥ የገቡ እንደሆነ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን ከመስኮቱ ወደ አድማሱ ይመለሳል፣ ክንፍ ይቃናል፤ ከዚያ ወደ መጡበት ንጹሕ አየር 180 ዲግሪ ይዞራል። መደበኛው ዙር በሰከንድ 3 ዲግሪ ስለሆነ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። በ12,000 ጫማ ላይ መሣሪያው 100 ኖት ሲል እውነተኛው ፍጥነት 120 አካባቢ ነው፤ ለመደበኛው ዙር 18 ዲግሪ ያህል ማጋደል ይበቃል፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ዙሩ ግማሽ ክብ ሲሠራ ወደ ጎን 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ከጠርዙ ጎን ለጎን የሚበር ሰው የሚዞረው ወደ ቆላው በኩል ነው እንጂ ወደ ተራራው አይደለም፤ ይህ የሚወሰነውም ጉም ከመግባት በፊት፣ መሬቱ እየታየ ሳለ ነው።

ከተቃና በኋላ የአቅጣጫ ጋይሮው በማጋደሉ ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል ከማግኔት ኮምፓሱ ጋር ይመሳከራል። ኮምፓሱ ደግሞ እየዞሩም ሆነ ፍጥነት እየለወጡ ሲታይ ይስታልና ክንፉ ቀጥ ብሎ ፍጥነቱ እስኪረጋ ይጠበቃል። ሬዲዮው የሚነካው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ለተቆጣጣሪው የሚነገረውም የት እንዳሉ፣ ከፍታዎ ስንት እንደሆነ፣ ወዴት እየዞሩ እንደሆነና በመሣሪያ ለመብረር ፈቃድ እንዳለዎት ወይም እንደሌለዎት ነው።